የዘንገናው መርከበኛ የመጨረሻ መስመር

ዘንገና ሐይቅ እግዜር ከቆፈረው ቀን ጀምሮ ብዙ ውጧል። በሬ ውጧል፣ ፈረስ ውጧል፤ አንድ ጊዜ ሰርገኛን ከነሙሽራው ውጧል የሚሉም አሉ። መርከበኛ ግን ውጦ አያውቅም ነበር። ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያም ሆነ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የዓለምን ባሕር ሁሉ ሲያርስ የኖረው ካፒቴን ዓባይነህ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ ቄጠማ መሃል በደረቱ ተኝቶ ተገኘ። የህንድ ውቅያኖስ ማዕበል ያልቻለው ሰው የዶሮ ጫጩት በማትሰጥምበት ውሃ ሞተ። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ የመቅዘፊያ ስፋት ያለው ቁስል ነበረ።

በእርግጥ ማዕረጉ ሁለተኛ መኮንን ነበር እንጂ ካፒቴን አልነበረም። ይሁን እንጂ እንጅባራ ላይ መርከብ የረገጠ ሰው ካፒቴን ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ጡረታ ወጥቶ ከተመለሰ ሦስት ዓመቱ ነው። አዱኛ ከሚባል የዳንግላ ሰው ጋር ሆኖ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየና ወጣቶችን ኤሌክትሮኒክ ካርታ ማስተማር ጀመረ። የዛሬ መርከብ ወረቀት ዘርግቶ አይሄድም፤ የባሕሩ ጥልቀት፣ የተደበቀው ዓለት፣ መርከቡ ራሱ ያለበት ቦታ ሁሉ ስክሪን ላይ ይታያል። ለልምምድ የሚሆን ባሕር ግን እንጅባራ የላትም። «ባሕር ከሌለን ባሕር እንሠራለን» አለና ካፒቴኑ በሳምንት ሦስት ጠዋት በትንሽ የፋይበር ጀልባ፣ ጥልቀት መለኪያና ላፕቶፕ ይዞ፣ ዘንገናን እንደ ባሕር ካርታ ሊያነሣ ተነሣ። ከላፕቶፑ ጎን ሁልጊዜ አንድ ደብተር አይጠፋም። በእርሳስ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ጥልቀቱን በቁጥር ብቻ ይጽፍበታል። ስክሪን ይጠፋል፤ ወረቀት አይጠፋም ባይ ነበር።

በሞተበት ዕለት ላፕቶፑ የት እንደገባ አልታወቀም፤ ሐይቁ ሳይውጠው አልቀረም። ደብተሩ ግን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጀልባው ውስጥ ተገኘ። የዕለቱ ቀን ተጽፎበታል፤ ከሥሩም አንድ መስመር ብቻ ነበር። መስመሩ በ08:10 ይጀምርና በጥልቀት ቁጥር ያበቃል።

ለሳጅን ምንይችል ይህ ከበቂ በላይ ነበር። «08:10 ማለት በእኛ ሁለት ከአሥር ነው» አለ። «በሁለት ከአሥር ሰውዬው በሕይወት ነበር። በሦስት ሰዓት ሞቶ ተገኘ። በዚያች ሃምሳ ደቂቃ ሐይቁ ዳር የነበረው ደግሞ ክንዴ ብቻ ነው።» በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጀልባውን ጠባቂ ክንዴን አሰረው።

ኢንስፔክተር ማናየሽ ከዳንግላ የደረሰችው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በአዊ ምድር እንደ እሷ ያለ መርማሪ አልተፈጠረም፤ የተሰረቀውን በሬ ይቅርና ገና ሊሰረቅ የታሰበውንም ታውቃለች ይባላል። አጭርና ደንዳና ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሊሰማት የፈለገ ሁሉ ወደ እሷ መጠጋት አለበት፤ የተጠጋውን ደግሞ በደንብ ታየዋለች።

«ምን ያህል ጊዜ አለኝ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው ኢንስፔክተር» አላት ምንይችል። «አርባ ስምንት ሰዓቱ ያኔ ይሞላል። ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን፤ በግድያ።»

«ከቀረበ በኋላስ?»

«ከቀረበማ ዋስትና የለው። ክሱ እስኪሰማ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቀመጣል። ጥፋተኛ ከሆነ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው።»

«ካልሆነስ?»

ምንይችል የእስር ክፍሉን ቁልፍ አወጣ።

ክንዴ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ የጥርባ መንደር ገበሬ ነው። በአዊኛ ለራሱ አንድ ነገር እያጉረመረመ ቆየና ማናየሽ ስትገባ ተነሣ።

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ደቦ ነበርሁ። አጎቴ ማሳ፣ ገብስ አጨዳ። ከንጋት ጀምሮ አርባ ሰው አብሮኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲል ለቅቄ ወደ ሐይቁ ወረድሁ፤ ካፒቴን ሲጨርስ ጀልባዋን ወደ ዳር የምስብለት እኔ ነኝ።»

«ምን አየህ?»

«ጀልባዋ ዳር ቁማለች፤ እሱ የለም። ይመጣል ብየ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ሲቆይብኝ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ፈለግሁት።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ሬሳ አጠገብ ተቀመጥክ?»

«ሬሳ እንዳለ ማን ነገረኝ?»

«ባለፈው ሳምንት ‹የመለኪያ ችካልህን ከድንቼ ላይ ካልነቀልህ እሰብርሃለሁ› ብለኸዋል። ሰው ሰምቶሃል።»

«ብያለሁ። በነጋታው ራሱ ነቀለውና ‹ይቅር በለኝ› አለኝ። ያን ጊዜ ግን ሰሚ አልነበረም፤ ያለው እሱ፣ እሱም ሞተ።»

«ሰዓት እንዴት ነው የምታውቀው?»

«ስልኬ ያውቃል። በሐበሻ ነው የሞላሁት፤ እንደ ሰው።»

ከዚያ ተነሥታ ሐይቁ ዳር ወረደች። ጀልባዋ ዳር ላይ ተጎትታለች። ማናየሽ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና ጥልቀት መለኪያውን አነሣች። ገመዱ እንደ ተጠቀለለ፣ በላስቲክ እንደ ታሰረ ነው።

«ይህን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም። እንዳለ ነው የተውነው» አለ ምንይችል።

«ታዲያ ጥልቀቱን ሳይለካ ጥልቀት ጻፈ?»

ምንይችል ገመዱን አየ፤ ከዚያ ሐይቁን አየ። ከዚያ መለኪያውን ከነገመዱ ለማስረጃ ያዘው።

ወይዘሮ ሸጋ፣ የሟች ሚስት፣ ለቀስተኛው ገና ባላለቀበት ቤት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ለማልቀስ ሃያ ስምንት ዓመት ነበራቸው፤ ያኔ ጨርሰዋል።

«መጀመሪያ ባሕር ወሰደብኝ» አሉ። «ጡረታ ወጣ ብየ ደስ ሲለኝ ሐይቅ ወሰደብኝ። ልጄ፣ እኔ እኮ ውሃ ስጠጣ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

ማናየሽ ግድግዳውን ቀና ብላ አየች። ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው አራት ከሩብ ይላል፤ ሁለተኛው ሰባት ከሩብ።

«እትዬ ሸጋ፣ ያኛው ተበላሽቶ ነው?»

«ምን ይበላሻል? ያ የዓባይነህ ነው፤ የመርከብ ሰዓት የሚለው። ከሰው ሰዓት ሦስት ይቀድማል። ቁርስ በሁለት ሰዓት ሳቀርብለት ‹አምስት ሰዓት ሆነ፤ በረሃብ ገደልሽኝ› እያለ ያሾፍብኛል። መሬት ላይ ሁኖም መሬት ላይ አልነበረም።»

«ከሰው ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«እሑድ አንድ ወጣት ከዳንግላ መጣ። የኤሌክትሮኒክ ካርታ ምስክር ወረቀት ይዟል። ‹ካፒቴን፣ መርከብ ልገባ ነው፤ እስቲ ይህ ካርታ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አሳየኝ› አለው። ዓባይነህ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ‹ፊርማው የእኔ ነው፤ ልጁን ግን አላውቀውም› አለኝ። ራት ሳይበላ ተኛ። ማክሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደልማዱ ወጣ፤ ሌላ ነገር አልነገረኝም።»

«በዚያ ሰዓት እንደሚወጣ ማን ያውቃል?»

«ያላወቀ ማን አለ? ዶሮዎቹ ሳይቀሩ እሱን ጠብቀው ነው የሚጮኹት።»

በማሠልጠኛው ክፍል ዮናዳብ ብቻውን ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ይመታል። ከተማሪዎች ሁሉ ካፒቴኑ «መስኮቱንም ስክሪኑንም የሚያይ ልጅ» ያለው እሱን ብቻ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ጅቡቲ ገብቶ መርከብ ሊሳፈር ተቀጥሯል።

«ካፒቴን ከሐይቁ ሲመለስ የለካውን ወደዚህ ኮምፒዩተር ይገለብጣል» አላትና ስክሪኑን አበራ። ዘንገና ወጣች፤ ዳር ዳሯ ሰማያዊ፣ መሃሏ ነጭ። አንዲት ትንሽ የጀልባ ምልክት ቅዳሜ ጠዋት የሄደችበትን መስመር እየጎተተች ሄደች። ማናየሽ ደብተሩን ጎን ለጎን ዘረጋች። ቅዳሜ በደብተሩ የመጀመሪያው መስመር 03:40፣ የመጨረሻው 05:32። ስክሪኑም 03:40 ብሎ ጀምሮ 05:32 ላይ ቆመ። ወደ ኋላ ሄደች፤ ያለፈው ሐሙስም እንዲሁ፣ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞም እንዲሁ። ከዚያ የስክሪኑን ጥግ አየች፤ 07:50 ይላል። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ አራት ከሃምሳ።

«ይህን ሰዓት የሞላው ማነው?»

«ማንም አልሞላውም፤ ከሳተላይት ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት እኮ ነው፤ መርከብ...»

«ቆይ። ለእኔ ብቻ አትንገር፤ በኋላ ለሁሉም ትነግራቸዋለህ።» ደብተሩን ዘጋች። «ስለ ሐሰተኛው ምስክር ወረቀት ሰምተሃል?»

ልጁ ከመመለሱ በፊት ስክሪኑን አጠፋው። «ሰኞ ዕለት ከአቶ አዱኛ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ‹ለመርከብ ድርጅቶቹ ሁሉ እጽፋለሁ፤ በስሜ የወጣውን ወረቀት በሙሉ ይሰርዙት› አላቸው።»

«የአንተንም?»

«ያው ፊርማ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ተምሬ ያገኘሁትንና ሌላው ቁጭ ብሎ ያገኘውን ማን ይለየዋል?»

«እንግዲያው ሞቱ ጠቅሞሃል።»

«ጠቅሞኛል» አለ ዮናዳብ። «ከማክሰኞ ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ ብሎኝ አይደለም።»

አቶ አዱኛ የገባው በዚህ መሃል ነው። ከረባቱ ብቻ ሦስት ወረዳ ያስተዳድራል። ቀድሞ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እጁን ሲዘረጋ ገና አገር ለቅቀው የሚሄዱ ነው የሚመስልዎት።

«ኢንስፔክተር፣ አባት ነው ያጣነው» አለ። «ያንን ሽፍታ ግን ስለያዛችሁልን እናመሰግናለን።»

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

የስም መቆጣጠሪያውን አወጣ። «ይኸው። ከ08:00 ጀምሮ አሥራ አንድ ተማሪ ፊት ቆሜአለሁ። ዮናዳብም ነበረ።»

«ምን ሲያስተምሩ?»

«ሥነ ምግባር።»

ማናየሽ አልሳቀችም። «ከዚያ በፊትስ?»

«አልጋዬ ላይ።»

«ኤሌክትሮኒክ ካርታውን ተምረውታል?»

«ባለቤት ሆኜ ከተማሪ ጋር ልቀመጥ ነው?»

«ካፒቴኑ ሐይቅ ላይ የሚጽፍበትን ደብተርስ ያውቁታል?»

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ። የሐይቁን ደብተር በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ሸጋ በር አጠገብ፣ ዮናዳብ ኮምፒዩተሩ ፊት፣ አዱኛ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ክንዴ በካቴና ታስሮ ምንይችል ጎን ቆሟል። በደረጃው ላይ የቆመው ሕዝብ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ፎቁን ሊያፈርሰው ነበር።

«አንድ ሰዓት አለን» አለች ማናየሽ፤ ሰዉ ሁሉ ተጠጋ። «ክንዴን ያሳሰረው አንድ መስመር ነው፤ 08:10 የሚለው። ዮናዳብ፣ የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ንገራቸው።»

ዮናዳብ ጉሮሮውን ጠረገ። «መርከብ አገር የላትም፤ ስለዚህ የአገር ሰዓት የላትም። በየወደቡ ሰዓት ብትቀያይር መንገዷ ይምታታባታል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክ ካርታው መዝገቡን የሚይዘው በአንድ ሰዓት ነው፤ በግሪንዊች። ካፒቴንም ደብተሩን በዚያው ነበር የሚጽፈው።»

«በእኛ ሲመጣ?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ስንል የአዲስ አበባ ቢሮ 08:00 ይላል። መርከብ ግን 05:00 ነው የምትለው።»

«እትዬ ሸጋ፣ የእርስዎ ግድግዳም ይህንኑ ይላል?»

«ሦስት ይቀድማል ብዬሻለሁ።»

«እንግዲህ አስቡት» አለች ማናየሽ። «ካፒቴኑ 08:10 ብሎ ከጻፈ፣ በእኛ አምስት ከአሥር ነው። ሬሳው ደግሞ የተገኘው በሦስት ሰዓት ነው። ምንይችል፣ ያንተ ሟች ከሞተ ሁለት ሰዓት ካለፈው በኋላ ከአስከሬን ክፍል ተነሥቶ፣ ሐይቅ ወርዶ፣ ገመዱን ሳይፈታ ጥልቀት ለክቷል።»

ምንይችል ከንፈሩን ነከሰ። ስድስት ቀንሶ ነበር፤ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንደምንቀንሰው።

«መስመሩን የጻፈው ገዳዩ ነው። ለምን? ሰውዬው ከሁለት ሰዓት በኋላ በሕይወት ነበረ እንዲባል። ይህ ለክንዴ ምን ይጠቅመዋል? ከሁለት ሰዓት በፊት አርባ ምስክር አለው፤ ከዚያ በኋላ አንድም የለው። በገዛ እጁ ገመድ አይገባም። ደግሞም ሰዓት ቢጽፍ 2:10 ነበር የሚጽፈው። ዮናዳብ ቢሆን 05:10 ይጽፍ ነበር፤ የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱ ነው። እትዬ ሸጋም ሦስት ጨምረው እዚያው ይደርሳሉ። ስድስት ጨምሮ 08:10 የሚጽፈው የመርከብን ሰዓት የማያውቅ፣ ነገር ግን ዕለት ተዕለት በቢሮ የፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ሰው ነው። በ08:00 አሥራ አንድ ምስክር ፊት የሚቆም፣ ለጥንቃቄ አሥር ደቂቃ የጨመረ ሰው።»

ዓይን ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። አዱኛ ከረባቱን ነካ።

«በቁጥር ሰው ይሰቀላል?» አለ። «የሽማግሌው ደብተር መቼ ሥርዓት ነበረው? ከላይ ያሉትን አታዩም? አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ነው የሚለው፤ በፈረንጅ ገና ሳይነጋ ማለት ነው። እሱ በጨለማ የሚነሣ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ...»

«ደብተሩን ፊትዎ አልገለጥኩትም፤ አይተውታል ማለት ነው» አለች ማናየሽ።

ምንይችል በሩን ዘጋ።

«በዓይኔ አይቼው አላውቅም ያሉትን ደብተር። ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ጀልባው ውስጥ፣ በጥድፊያ አይተውታል። ቅዳሜ 03:40 ይላል። እርስዎም ‹ሽማግሌው በሌሊት ይነሣል› ብለው አለፉት። አቶ አዱኛ፣ ከዚህ ክፍል ‹ይህን ትምህርት ያውቃል› የሚል ወረቀት ለስንት ሰው ወጥቷል?»

አዱኛ ከረባቱን ፈታ። ሲናገር ግን ድምፁ የቲኬት ቢሮ ድምፅ አልነበረም።

«እኔ የሰጠሁት ስድሳ ሁለት» አለ። «እሱ በሦስት ዓመት ያሳለፈው አራት ነው። አራት። ‹ይኸኛው መስኮት አያይም፤ ይኸኛው ስክሪን ያመልካል› እያለ ልጆቹን ይመልሳቸዋል። የተመለሱት የት እንደሄዱ ታውቃላችሁ? መተማን ተሻግረው በረሃ ገቡ። እኔ ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱ መርከብ አሳፈራቸው። እንዳይጽፍ ለመንሁት። ጉልበቱን ይዤ ለመንሁት። ‹ሰው የማያውቀውን ባሕር በእኔ ስም አይነዳም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ጀርባውን ሲሰጥዎት ነው የመቱት።»

«ጀርባውን ሲሰጠኝ ነው» አለ አዱኛ።

ወይዘሮ ሸጋ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «አምስት ደቂቃ ያልተቀመጠበት ትምህርት» አሉ ዝቅ ብለው፤ «ባሌን ገደለበት፤ ያው ትምህርት እሱን አስያዘው።»

ምንይችል የክንዴን ካቴና ፈትቶ ለአዱኛ አጠለቀው። ሲወስዱት ዮናዳብ ማናየሽን በር ላይ ያዛት።

«ለመርከብ ድርጅቶቹ የሚላከውን ደብዳቤ ማን ይጽፈዋል?»

«ምርመራው ይጽፈዋል። ስድሳ ስድስቱም ወረቀት ኤግዚቢት ነው።»

«የአራቱ እውነት መሆኑን ትጽፊያለሽ?» ከመደንገጡ የተነሣ አንቺ ማለቱን አላወቀም።

«እጽፋለሁ። መስካሪው ግን ሞቷል፤ ባሕር ማዶ ያለ ቢሮ አራት ብሎ አይለይም። አትጠብቅ።»

ዮናዳብ ራሱን ነቀነቀ። ተመልሶ ገባና ኮምፒዩተሮቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ።

ክንዴ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ሂድ እንጂ ወንድሜ፣ ነፃ ነህ» አለው ምንይችል።

«እንዴት ብየ ነው የምሄደው?»

«በእግርህ፣ በባጃጅ፤ እንደ ወደድክ።»

«ስታመጡኝ በፒክአፕ ጀርባ አቁማችሁ፣ በገበያው መሃል ነው ያሳለፋችሁኝ። እናቴ ጎመን የምትሸጥበት ድረስ። ከልካይ በሌለበት ሁሉም አይቶኛል። አሁን ደግሞ በጓሮ በር ልውጣ? እንዳመጣችሁኝ መልሱኝ።»

ምንይችል ማናየሽን አየ። ማናየሽ ምንም ሳትናገር ደረጃውን ወረደች፤ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ወጣችና ለክንዴ እጇን ዘረጋችለት። ጎን ለጎን ቆሙ። መኪናው በእንጅባራ ገበያ መሃል በዝግታ ገባ፤ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ጋሪ የሚነዳው ሰው ፈረሱን አቆመ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ቀሚሷ ሸጎጠች።

ክንዴ እጁ ባዶ መሆኑን፣ ካቴና እንደሌለበት እንዲያዩለት ሁለቱንም እጆቹን ከፍ አድርጎ አነሣ።

«ተመልከቱት» አለ አንድ ድንች ሻጭ ለጎረቤቱ፤ «ዛሬ ደግሞ ምሕረት ሲለምን ሊያዞሩት ነው።»

ማናየሽ ሰምታዋለች። ክንዴም ሰምቷል። እጁን ግን ጥርባ እስኪደርስ አላወረደም።